በጨዋ ቋንቋ ስለ መውለድ

የጤና ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወልደው አያውቁም፤ ሆኖም ስለ መውለድ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ስለዚህም የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ እናቶች ያለ አንዳች ሀፍረት የሚጠይቁበት ግልጽ መድረክ ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲካሄድ ወሰኑ። ግልጽነቱ ግን ልክ ነበረው። ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ከእምብርት በታች የሆነ ነገር ከተገኘበት ሥራ አስኪያጁ በቀይ እስክሪብቶ ጨዋ ያደርጉታል። ጠያቂ አይሳሳትም ይባል የለ? በተለይ እሳቸው ካረሙት።

ልብስ ሰፊዋ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ምጡን አልፈራችም፤ ጣቷን በመርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት ናት። የፈራችው ሌላ ነው። ለባሏ እንዳትነግረው ባል ነው፤ ለእናቷ እንዳትነግራት እናት ናት። እናም መልሷ እንዳይኮረጅባት እንደምትሳሳ ተማሪ ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ጻፈች፦ "ስገፋ ሰገራ ቢያመልጠኝ ምን ይውጠኛል?"

ሥራ አስኪያጁ አረሙትና ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ "ከፊታችን ያለውን ኃላፊነት ስንወጣ ከኋላችን ሊከሰቱ የሚችሉ ተግዳሮቶች እንዴት ይታያሉ?"

"የበሰለ ጥያቄ ነው" አሉ። "መልሱ አጭር ነው። አንዳችም ነገር ከቁጥጥራችን እንዳይወጣ አጥብቀን መያዝ።"

ጭብጨባ ሆነ። አጠገቧ የተቀመጠችው ዳቦ ሻጭ፣ "ማናት እንዲህ የተማረችው?" ስትል አንሾካሾከች።

"እኔ እንጃ" አለች ልብስ ሰፊዋ። መልሱን ግን በልቧ ጽፋ ሄደች።

ምጡ ሐሙስ ጠዋት መጣ፤ መመሪያውም በሥራ ላይ ዋለ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው አዋላጅ "ግፊ" ሲሉ ትይዛለች፤ "አሁን ግፊ" ሲሉ አጥብቃ ትይዛለች። የሕፃኑ ጭንቅላት ብቅ ይልና፣ አለቃ የሉም እንደተባለ ባለጉዳይ፣ ተመልሶ ይገባል።

"ልጄ፣ ልጁ እየደከመ ነው። ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ ጥርስ አያስነክስም። ተናገሪ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እትዬ፣ ሌላ ነገር እንዳይወጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ አጥብቃችሁ ያዙ ብለዋል።"

"እሱ ነው ያለው?"

"አዎ።"

አዋላጇ ጓንታቸውን ሳብ አደረጉ። "እናቱን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ። እሷም እንዳንቺ ይዛ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልወጣ ነበር።" ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ቀድሞ የወጣው እሱ አይደለም።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ከሆድ የመጣ ሳቅ መያዣ የለውም፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። መጀመሪያ የወጣውን አዋላጇ እንደ ዘወትሩ በጨርቅ ጠርገው ጣሉት፤ ቀጥላ የወጣችውን እየጮኸች ለእናቷ አሳቀፏት።

ሁሉም ነገር በሥራ አስኪያጁ ቅደም ተከተል መሠረት ተፈጸመ።