በልጄ ደረት ላይ የታየው መስቀል

«ቆይ፣ መጀመሪያ ላድምጠው» ይል ነበር አባቴ። ድንጋይ ጠራቢ ነበርና ሰው ሁሉ መዶሻውን ሲያነሳ እሱ ጆሮውን ያስቀድማል። ድንጋዩን በመዶሻው ጀርባ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ጎንበስ ብሎ ይሰማዋል፣ ከዚያ ወይ ይጠርበዋል ወይ ትቶት ይሄዳል። ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ የታፈነ ነው አሉ። እኔ ያንን ጆሮ አልወረስኩም። ያለኝ ከዳዊት ያላለፈ ትምህርት፣ ትንሽ መሬትና አንዲት ልጅ ነው።

እኛ የላስታ ሰዎች ስለ ውስጥ ነገር ስናወራ ደረታችን ይነፋል። አገራችን አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የወጣበት አገር ነዋ! እንግዳ መጥቶ «አለቱ ውስጡ ደህና መሆኑን እንዴት አወቁ?» ሲለን «በጸሎት» እንለዋለን፤ እውነትም ነው። አብራን የምትበላ ልጃችን ውስጧ ምን እንዳለ ሳናውቅ አሥራ አራት ዓመት መኖራችንን ግን ለእንግዳው አንነግረውም።

እናትነሽ ትባላለች። ራሷን ያማታል፣ ይነስራታል። ከገነተ ማርያም አስቀድሰን ስንመለስ ዳገቱ ላይ እግሯ ይዝላል፤ ክረምት ይሁን በጋ እግሯ በረዶ ነው። ጎረቤት ግማሹ «ስንፍና ነው» አለ፣ ግማሹ «ዓይን ነው» አለ። ጠበል አስጠመቅናት፤ ፊቷ በራ፣ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ሆኖ ቀረ። በኋላ የንስሐ አባታችን «ጠበሉን የሰጠ አምላክ ሐኪሙንም ሰጥቷል፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ተቆጡን።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም የልጄን የደም ግፊት በክንዷ ለካች፣ በእግሯ ለካች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ጣቶቿን እግሯ ላይ አሳርፋ እንደሚያደምጥ ሰው ጎንበስ አለች። በእሷ ውስጥ አባቴን አየሁት!

«አባቴ፣ ክንዷ ላይ ደሙ ይጋልባል፤ እግሯ ላይ ግን ትርታው እምብዛም የለም» አለችኝ።

ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚሉት፣ አንድ ቦታ ላይ ጠቦባት ሳትወለድ አልቀረችም አለች። ቁርጡን የሚናገረው ሲቲ ስካን የሚሉት ውስጥን የሚያሳይ ማሽን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደሴ ሂዱ ተባልን። ግራ ከገባችሁ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። የመስኖ ቦይ መሀሉ ላይ ሲጠብ ከላይ ያለው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ ከታች ያለው ውኃ ይጠማዋል። የልጄ ራስ የላይኛው ማሳ ነበር፣ እግሯ የታችኛው። እንዲያ እንደሆነ ከቀረ ልብ ይደክማል፣ ዕድሜ ያጥራል። ይቺን የመጨረሻዋን ለእናቷ አልነገርኳትም። እሷም ሰምታ ኖሮ ለእኔ አልነገረችኝም።

ደሴ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ «ብረት ነገር ያስወልቋታል፤ የአንገት መስቀሏንም ቢሆን።» እሺ፣ እናንተ ብትሆኑስ? ልጃችሁን እንዲያ ያለ ነገር ውስጥ ያለ መስቀል ትሰዷታላችሁ? ከባለቤቴ ከደብሬ «ጆንያ ልሰፋ ነው» ብዬ መርፌ ተዋስኩና ትንሿን የብር መስቀሌን በልጅቱ ቀሚስ ገበር ውስጥ፣ ልክ ደረቷ ላይ ሰፋኋት። መርፌውን ስመልስ ደብሬ ከእጄ ነጠቀችኝ። ምን አስቸኮላት ብዬ ተውኩት።

ሦስታችንም ደሴ ደረስን። የማሽኑ ባለሙያ ሳቂታ ወጣት ናት። እናትነሽ የአንገቷን መስቀል አውልቃ ሰጠችኝና ገባች። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዋ በሩን ከፍታ «የእናትነሽ አባት፣ ይምጡ እስቲ» አለች። ገባሁ። ስክሪኑ ላይ የልጄ የጎድን አጥንት ተደርድሯል፤ መሀሉ ላይ ቁልጭ ያለ መስቀል! አማተብኩ። እመ ብርሃን ልቧ ላይ አተመችባት ብዬ እልል ልል ስል ባለሙያዋ ቀደመችኝ፦

«አባቴ፣ ይሄ አብሯት የተወለደ ነው ብዬ ልጻፍ?»

«የለም... ቀሚሷ ውስጥ ነው» አልኩ።

«ቧንቧዋን ይጋርድብናል እኮ። ደግነቱ ይሄ የመጀመሪያው እይታ ነው፤ የደም ሥሩን የሚያሳየውን መድኃኒት ገና አልሰጠናትም።»

ክሩን በጥርሴ በጥሼ መስቀሉን አወጣሁት። ልጄ ተመልሳ ገባች፤ ማሽኑ አጉረመረመ፤ በሩ እንደገና ተከፈተ።

«አሁንም መስቀል አለ። ቅድም ከላይኛው ጋር ተደርቦ ነበር መሰለኝ፤ ይሄኛው አሁን ትንሽ ወረድ ብሏል።»

«እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አንድ ብቻ ነው የሰፋሁት!» አልኩ።

ደብሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ታዲያ መርፌውን ለምን የነጠቅኩህ መስሎህ ነው?» አለችኝና ከልጅቱ የውስጥ ልብስ ልትፈታ ገባች።

ሳቅን፤ በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን ሦስቱን መስቀሎች ይዤ ወደ በሩ ልሮጥ ስል ከእጄ አምልጠው ወለሉ ላይ ተበተኑ። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ጥምጣም የጠመጠሙ ሼህ ቀድመውኝ ጎንበስ አሉ። አንድ በአንድ ለቅመው ጨበጧቸው። በዓይናቸው ወደ በሩ ሂድ አሉኝ። እኔም ሄድኩ፣ ዳዊቴን ከመሀሉ ጀምሬ።

ዋናው ምስል ተነሳ። ሐኪሙ እኔንና ደብሬን ጠርቶ አሳየን። ትልቁ ቧንቧ ከልቧ ወጥቶ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና ወደ ታች ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ በክር የታሰረ ይመስላል። ደብሬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይቺ ናት ልጄን የምታስቸግራት?» አለች። እሷው ናት። ሐኪሙ እንዳለው ቦታዋ ከታወቀ መንገድ አለ፤ አዲስ አበባ ሄዳ ወይ በፊኛ ያሰፉላታል፣ ወይ ቀደው ያስተካክሉላታል። ዕድሜዋም ገና ነው፣ ልቧም አልደከመም። አያችሁ፣ ሳይከፍቱ ውስጥ የሚያደምጥ ጆሮ አምላክ ሰው እጅ ላይ ጥሎልናል፤ ክብር ለእሱ ይሁን።

ወደ አግዳሚው ስመለስ የሼሁ ስም ይጠራል። ያለዎትን ሁሉ ትተው ይግቡ ተባሉ። ቀኝ እጃቸውን ከፍተው መስቀሎቻችንን ሰጡኝ፤ ሞቀዋል። ከዚያ የዱዓ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያንተን በቀኝ እጄ ነው የያዝኩልህ፤ አንተም የኔን በቀኝህ ያዝልኝ።»