የጋሽ ክፍሌ ጉልበትና የእኔ ኦቶማቲክ ድሬን

ጎበዝ፣ ዛሬ የዋጥኩትን እፍረት ለብቻዬ መያዝ አቅቶኛል። ሳቁብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ሳቁ!

ያንን ቪዲዮ ታስታውሱታላችሁ አይደል? ከአራት ወር በፊት እዚሁ የለጠፍኩትን? ኮምፕረሰር አጠገብ እጄን አጣጥፌ ቆሜ "ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው!" ያልኩበትን?

አዎ። እሱ ነው ጉዱ።

ለማታውቁኝ፣ ዳኒ እባላለሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ክፍሌ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም እቀባለሁ። ጋራዡ የሳቸው ነው፤ ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ግን ካለቀ ቆይቷል። ከወንበር ሲነሱ የሚያሰሙት "እህህ" ከውጭ ይሰማል።

ቀለም የምንረጨው በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ደግሞ ታንኩ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ውሃው በየቀኑ ካልፈሰሰ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይወጣና ሥራውን ያበላሻል። ማፍሰሻዋ ያለችው ታንኩ ሆድ ስር ስለሆነ መንበርከክ ግድ ነው። ከሁላችን ቀድመው የሚገቡት ጋሽ ክፍሌ ስለሆኑ፣ በየጠዋቱ የሚንበረከኩትም እሳቸው ነበሩ።

"እኔ ላፍስሰው" ስላቸው፣ "አንተ ከቤትህ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስክትደርስ ቤልትዌይ መንገድ ላይ በትራፊክ ይመሽብሃል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው!

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ኦቶማቲክ ድሬን ገዝቼ ገጠምኩ። ታይመር አለው፤ በየሰዓቱ ራሱ ከፍቶ ውሃውን ይተፋና ይዘጋል። የእጅ ማፍሰሻዋንም ለክፉ ቀን ብዬ ከጎኑ ተውኳት። ሶኬት ላይ ስሰካው ፍስስስ! ውሃው በቱቦ ባልዲ ውስጥ ወረደ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ መንበርከክ ቀረ!" አልኳቸው፣ በደንበኛ ፊት፣ ካሜራውን እያየሁ።

መረቁኝ። እናንተም ላይክ በላይክ አደረጋችሁኝ። "ኢንጂነር" ብሎ የጻፈልኝም አለ፤ ስሙን አልጠራም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ ከኮምፕረሰሩ ክፍል ፍስስስ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ባልዲው ውስጥም ውሃ አለ። "ሰማችሁት ልጄን?" እላለሁ ለሥራ ባልደረቦቼ። ደረቴን ነፍቼ!

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ክፍሌ ለጉልበታቸው ሰርጀሪ ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት የጋራዡን ቁልፍ አስጨበጡኝና "ሁለት ሳምንት ብቻህን ምራውና ልይህ። ከቻልክበት ላንተ እለቃለሁ፣ እኔ በቃኝ" አሉኝ።

ይቺን ቃል አስራ አንድ ዓመት ጠብቄያታለሁ።

ዛሬ የሰለሞንን መኪና ኮፈን ቀባሁ። ሰለሞን ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ጥቁር መኪናው እንጀራው ናት። ፊትህን የምታይበት ኮፈን እሰራልሃለሁ ብዬዋለሁ። የመጨረሻውን የቀለም ኮት ስረጭ መርጫው እየተቆራረጠ ትፍ ትፍ አለ።

ኮፈኑ በክብ በክብ ጉድጓድ ተሞላ።

ሰለሞን ሊወስድ መጥቶ አየና "ዳኒ፣ መኪናዬን ፈንጣጣ አስያዝካት እንዴ?" አለ። የሚጠብቁት ደንበኞች ሁሉ ድንገት ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

ወደ ኮምፕረሰሩ ክፍል ሮጥኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮት ስላላት ቀን ቀን መብራት የሚያበራ የለም። ዛሬ ግን ታንኩን ከስር ለማየት አበራሁ። ፍስስስ! ድሬኑ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ይተፋ ጀመር። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ።

መብራቱን አጠፋሁ። ድሬኑ ዝም አለ።

አበራሁ። ፍስስስ!

አጠፋሁ። ዝም።

ገባችሁ? ሶኬቱ የሚሰራው መብራቱ ሲበራ ብቻ ነው! እኔ ደግሞ "ባዶ ክፍል ውስጥ የሚበራው ለማን ነው?" እያለ የሚቆጣ አባት ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ከየትም ክፍል ስወጣ እጄ ሳላዘው መብራት ያጠፋል። ቪዲዮውን ቀርጬ ስወጣም አጠፋሁ። ማሽኔ በአራት ወር ውስጥ የሰራው ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ጠዋት ጠዋት የምሰማው ምን ነበር? ባልዲውን ማን ሞላው?

ስካይላይን እስካለው ቤታቸው እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ጋሽ ክፍሌ ሶፋ ላይ ነበሩ፣ እግራቸው ትራስ ላይ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ የሚያፈሱት?"

የመለሱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። "በየጠዋቱ! ካርቶን አንጥፎ ይንበረከካል። ዶክተሩ እንዳትንበረከክ እያለው!"

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

"በሁለተኛው ቀን ዝም ሲል የተበላሸ መሰለኝ" አሉ። "ቪዲዮህን ግን ያላየ ሰው የለም። ላዋርድህ? ራሱ ያስተውላል ብዬ ጠበቅኩ። ለሰርጀሪው ስሄድ ልነግርህ ነበር፤ ቁልፉን ስሰጥህ ደስታህን ሳይ ከአፌ አልወጣ አለ።"

ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መልሰው ወደኔ ገፉት።

"ኮፈኑን ፍቀህ እንደገና ቀባ። ውሃውን በእጅህ አፍስስ። ሁለቱ ሳምንት ከነገ ይጀምራል" አሉኝ።

ሊፍት ውስጥ አለቀስኩ። አዎ፣ በዚህ ቁመቴ! ሰለሞን የነገን ሥራ ለሌላ ሹፌር ሰጥቷል። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ቪዲዮ መልሼ አየሁት። ከስር የጋሽ ክፍሌ ኮሜንት አለ፤ የልጅ ልጃቸው አካውንት ከፍታላቸው የጻፏት የመጀመሪያዋ ናት። "ልጄ እግዚአብሔር ይባርክህ። ጉልበቴን አሳረፍክልኝ" ትላለች።

ቀኗን አየሁ። ቪዲዮውን በለጠፍኩ በሳምንቱ የተጻፈች ናት። ያን ቀን ጠዋትም ካርቶናቸው ላይ ተንበርክከው ነበር።

እስኪ ፍረዱኝ፤ ቪዲዮውን ላጥፋው ወይስ እያሳፈረኝ ይኑር? "ኢንጂነር" ያልከኝ ሰውዬ፣ መጀመሪያ አንተ መልስ!