ከወንበሬ ጀርባ ያለው መስኮት

ሐበሻን የሚገድለው ነፋስ ነው፤ ሌላው በሽታ ሁሉ ሰበብ ነው! አትሳቁ... እናንተም ታክሲ ውስጥ "ኧረ ያንን መስኮት ዝጉልን!" ብላችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ይህንኑ እምነቴን ይዤ ሞያሌን ተሻገርኩ። ይኸው ናይሮቢም ከማታቱ ታክሲ ረዳቶች ጋር በመስኮት ስጨቃጨቅ ስንት ዓመቴ!

የባሰው ግን ያለው ቤቴ ውስጥ ነው። ኪሊማኒ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከወንበሬ ጀርባ አንድ መስኮት አለ። እኔ እዘጋዋለሁ፤ ባለቤቴ ትዕግሥት ትከፍተዋለች። በትዳራችን ሌላ ጠብ የለም። ለሌላ ጠብ ጊዜ አልተረፈንማ!

"ቤቱ ታፈነ!" ትላለች።

"ወገቤን ሊመታኝ ነው!" እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን ሳሮን ከዩኒቨርሲቲ የምሳ ዕቃ የምታክል መሣሪያ ይዛ መጣች፤ የመመረቂያ ሥራዋ ናት። መሣሪያዋ አየር ትስባለች፤ አየሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ውስጧ ባለች ስስ ቁራጭ ላይ ይያዛል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባክቴሪያው ከበዛ ቀይ፣ ካልበዛ አረንጓዴ ታበራለች።

ትዕግሥት ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። "በቃ፣ እሷ ትፍረደን! መስኮቱ ተዘግቶ ቀይ ካበራች፣ ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ የእኔ ነው።"

"አረንጓዴ ካበራችስ?"

"ዕድሜ ልኬን አልነካውም።"

ዕድሜ ልክ! እስቲ እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትላላችሁ?

"ሳዋ፣ ይሁን" አለች ሳሮን፣ መስኮቱን እየዘጋች። "ግን ዳዲ፣ ሰው ሲያወራና ሲያስል ባክቴሪያ ይወጣል፣ ሶ ሪዛልቱ..."

የምፈልገውን አገኘሁ። "ማንም እንዳይተነፍስ!" ብዬ አወጅኩ። ማለቴ... እንዳይናገር።

ዝም አልን። ስልኬ ጮኸ፤ አላነሳሁም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሮዬን በላኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ዋጥኩት። በመጨረሻ... አረንጓዴ!

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ተነሣሁ። ጋቢዬን አራግፌ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና መሣሪያዋ ፊት ቆሜ ስለ ነፋስ ክፋት ንግግር ጀመርኩ። ስለ ጋቢዬ እውነቱን ልንገራችሁ፦ አይታጠብም። ይሳሳብኛል ብዬ ፀሐይ ብቻ ነው የማስመታው። ንግግሬ ገና መሐሉ ላይ ሳይደርስ መሣሪያዋ ቀይ ሆነች።

"ተበላሽታለች!" አልኩ።

"ኖ ዳዲ፣ እንዲያውም በደንብ እየሠራች ነው!" ሳሮን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስሷን ቁራጭ እየቀየረች ፈተናውን ደገመችው። ጋቢው ለብቻው ሲራገፍ፣ ቀይ። እኔ ያለ ጋቢ ዝም ብዬ ስቀመጥ፣ አረንጓዴ። ያለ ጋቢ ሳወራ፣ ቀይ! እያንዳንዱን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። "ዳዲ፣ ዩ አር ቬሪ ጉድ ዳታ!"

ትዕግሥት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ጋቢውስ ይታጠባል... አንተን ምን እናድርግህ?"

ተከራከርኩ። የተወራረድነው ስለ መስኮት ነው እንጂ ስለ አፌ አይደለም! ሳሮን ደብተሯን አየት አድርጋ ፍርዷን ሰጠች፦ "ዳዲ ዝም ካለ መስኮቱ ይዘጋል። ካወራ ይከፈታል። ፌር ነው፣ አይደል?"

ጋቢዬ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። እኔም ከቅዳሜ ጀምሮ ቤት ውስጥ ቃል አልተነፈስኩም፤ ይህንንም ለእናንተ የምጽፈው የማወራው ሰው አጥቼ ነው። ግን ድሉ የእኔ ነው፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ወገቤም ደኅና ነው። የገረመኝ ትዕግሥት ናት። ስንት ዓመት ታፈንኩ ስትል የኖረችው ሴት አሁን ምንም አትልም። እንዲያውም ትናንት አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ቀድማኝ ተነሥታ ዝጉን መስኮት በገዛ እጇ ጥርቅም አድርጋ ቆለፈችው።