በሙሉ ድምፅ የተዘጋው ጓዳ

እኛ የታመመ ከመጠየቅ ይልቅ ለቅሶ መድረስ የሚቀናን ሰዎች ነን። አይደለንም የሚል ካለ እሰየው፤ በሚቀጥለው ስታመም አድራሻዬን እልክለታለሁ። የታመመ ሰው ያስቸግራላ! ሾርባ ይፈልጋል፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ይፈልጋል፤ ይባስ ብሎ ነገም ተመልሰን እንድንመጣ ይፈልጋል። የሞተ ግን ምንኛ ቸር ነው! አንድ ጊዜ ጥቁር ለብሰን ብቅ ካልንለት ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ሰው እንዳይመስላችሁ። ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩ የነበረው ዌስተን በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ውስጥ፣ ኤፍሬም በሚባል ሰው አፓርታማ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ቦት ጫማዎቹ በላይ ነው። ኤፍሬም ቀን ቀን ሊፍት ይጠግናል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «ጓዳ» የሚባል ማኅበራዊ መረብ ከፍቶ በነጻ ያስተዳድርልን ነበር። ጓዳ አንድ ቱጃር ከላይ ሆኖ እንደሚያዝባቸው መረቦች አይደለም። በየአገሩ እንደ እሱ ያሉ፣ ሰርቨር የሚባሉ ትንንሽ አገልጋይ ኮምፒውተሮች አሉ፤ እያንዳንዱን የሚያንቀሳቅሰው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሁሉም እርስ በርስ ይገናኛሉ። ያልገባው ሰው ዕድርን ያስብ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ዕድር፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ አለው፤ ግን የዚህ ሰፈር ሰው የዚያኛውን ለቅሶ ልድረስ ቢል ማን ይከለክለዋል? ማስታወቂያ የለም፤ ምን ማንበብ እንዳለባችሁ የሚመርጥላችሁ ማሽንም የለም። ስድብ ግን አለ። ሰው ባለበት ስድብ የት ይሄዳል?

ስድቡን እያነበበ የሚያጠፋው ኤፍሬም ነበር። ማናችንም ስድብ የምናነበው ለእኛ ሲላክ ነው፤ እሱ የሁላችንንም ያነብ ነበር። ቀን ሊፍት ውስጥ የተቆለፉ ሰዎችን ሲያወጣ ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ነገር ውስጥ የተቆለፉትን። የሊፍቶቹ ቢያንስ አመስግነው ይወጣሉ ይል ነበር።

እኔ እዚያው ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር የምኖር፣ ምግብ ቤት ገብቼ ያላዘዝኩት ሲመጣልኝ አመስግኜ የምበላ ሰው ነኝ። ጓዳ ላይ ግን አወራለሁ። ስትሪትካር የሚሉት የመንገድ ባቡር ውስጥ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎችን ሰርቄ እያየሁ ስለ ፊታቸው እጽፋለሁ። መውረጃው እስኪደርስ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ስለሄደው ሽማግሌ፣ መጨረሻውን አስቀድማ አንብባ መጽሐፉ ላይ ስላኮረፈችው ነርስ። ከሥር መልስ ይመጣል። ደሴ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም፤ እትዬ ነው የምላቸው። ገጹን እያከታተለ ስለሚገልጥ ጎረምሳ ብጽፍ «ይሄማ የሰው መጽሐፍ ተውሶ ነው፤ የራሱ ቢሆን እንዲህ አይጣደፍም» ይሉኛል። ሳልንተባተብ የማወራው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ለዚያውም በጽሑፍ።

አንድ ቀን ኤፍሬም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ደክሞኛል። ያጠረኝ ገንዘብ አይደለም፣ ሰው ነው። ሁለት ሰው በየተራ የስድቡን አቤቱታ ቢያይልኝ እቀጥላለሁ፤ አለዚያ በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ። አጭርና ግልጽ። ሊፍት የሚጠግን ሰው አንድም ከፍ ነው፣ አንድም ዝቅ ነው፤ መሐል ላይ አይቆምም።

ከዚያ በኋላ የወረደውን ሙሾ ባያችሁ! ድምፃቸው ከጠፋ የቆየ ሰዎች እየተንጋጉ መጡ። «ልቤ ተሰበረ» አለ አንዱ። «ጓዳ ሁለተኛ ቤቴ ነበር» አለች ሌላዋ። ነበር! ገና በሕይወት ያለውን ነገር «ነበር» አሉት። እንባ የሚያፈሱ ቢጫ ፊቶች ገጹን ሞሉት። «አንዱን ተራ እኔ እወስዳለሁ» የሚል ግን አንድም አልተገኘ። እኔ? እኔ ሁለት መስመር እየጻፍኩ መልሼ አጠፋ ነበር። በሰው ንግግር ላይ ዳኛ ልሁን ብሎ በአደባባይ መጻፍ ድፍረት መሰለኝ።

ሄለን የምትባል፣ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ የምትጀምር ልጅ አለች። «ጋይስ፣ ዝም ብለን አናይም፤ ሚቲንግ እናድርግ» አለች። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ተሰበሰብን። ሌላው ሕዝብ ቤቱ ሲቃጠል ውሃ ይፈልጋል፤ እኛ ሊቀ መንበር እንፈልጋለን።

ጋሽ ታደሰ ተመረጡ። ጋሽ ታደሰ ቶሮንቶ ከገቡ ጀምሮ ሊቀ መንበር ያልሆኑበት ነገር የለም፤ ኳስ ሳይነኩ የኳስ ቡድን መርተዋል። ጓዳ ላይ ያላቸው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ይሄ ነገር ይሠራል?» ይላል። ኤፍሬም ከሥሩ «አዎ፣ ይሠራል» ብሎ መልሶላቸዋል። መልሱን አላዩትም። ቀጥሎ ምክትል ተመረጠ፤ ከዚያ ኦዲተር ተመረጠ፤ ምን ኦዲት እንደሚያደርግ እግዜር ይወቀው። «ይቺ ልጅ ዝምተኛ ናት፤ ታዳምጣለች» ተባለና እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ከዚያ ወደ ስም ተሄደ። ኮሚቴ እንባል ወይስ ግብረ ኃይል? በዚህ ላይ የተባለውን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ልጅ ቢኖረኝ አላወርሰውም።

ኤፍሬም የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ ተነሥተው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከሃምሳው አንዲት ሎሚ ያነሣ ግን አላየሁም። ኤፍሬም ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ እኮ የምፈልገው ሁለት ሰው...» ሲል፣ «ልጄ፣ እሱ ወደኋላ አጀንዳ ላይ ይመጣል» ብለው አስቀመጡት።

የሰውነቴ ሙቀት መጨመር የጀመረው ያኔ ነው። ዓይናፋር ሰው ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከውጭ ምንም አይታይም፤ እንደ ተከደነ ድስት ነው። ጆሮዬ እየጮኸ ዓረፍተ ነገሬን በሆዴ ደጋገምኩ፦ እኔ አለሁ፣ አንዱን ተራ እኔ እወስዳለሁ። እንደ ጸሎት ደጋገምኩት። በዚህ መሐል ሄለን ምን እንዳለች አልሰማሁም። ለካስ «ኤፍሬም በርን አውት አድርጓል፣ ማለት በጣም ዝሏል፤ ስለዚህ አፕሪሺየት ልናደርገው ይገባል፤ ካባ እናልብሰው፤ የምትደግፉ እጅ አውጡ» ብላ ኖሯል። ካባ! ጥቁር፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ሙሽራና ጳጳስ የሚለብሱት ካባ!

እግዚአብሔርን ጠርቼ እጄን አወጣሁ።

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸው በራ። «ጸሐፊያችንም ደገፈች! ስለዚህ በሙሉ ድምፅ!» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ጭብጨባው ቀደመኝ። ሄለን በክርኗ ነካ አድርጋ «ጻፊዋ» አለችኝ። የካባውን ውሳኔ በገዛ እጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያለው ሰው ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም። ቀና ስል የኤፍሬም ወንበር ባዶ ነው። ለሥራ በማለዳ ይነሣል፣ ብለው ሰዎቹ ተግባቡ። የኋላው አጀንዳ ጊዜ ስላጠረ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ቤቴ እንደ ደረስኩ ጓዳን ከፍቼ ለኤፍሬም በግል ጻፍኩለት። እጄን ያወጣሁት ለካባው አይደለም፤ አንዱን ተራ ልያዝልህ፣ አልኩት። መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። የለም።

ወሩ አለቀ፤ ጓዳ ተዘጋ። በእንዲህ ያለ መረብ ተከታዮችሽን ይዘሽ ሌላ ሰርቨር መግባት ትችያለሽ፤ ጽሑፍሽን ግን አዲሱ ቤት አይቀበልልሽም። የጻፍሽውን አውርደሽ ለራስሽ ማስቀመጥ ነው። አወረድኩ። የወረደው የእኔ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የነበረው የሰው መልስ አብሮ አይወርድም። አውቶቡስ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «እህ... ኧረ? ... አይ እትዬ፣ ተውሶማ አይደለም!» እንደዚያ ሆኜ ቀረሁ። እትዬ የሉም፤ እሳቸውም የእኛው ጓዳ ላይ ስለነበሩ የት እንደ ገቡ አልታወቀም። ስማቸውን አላውቅም፤ ደሴን በሙሉ እየዞርኩ ከሩቅ የሰው ፊት የሚያነቡ መምህርት አላችሁ ወይ ልበል?

የካባው ፕሮግራም የተደረገው ጓዳ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አዳራሽ አልተገኘም። በቀጥታ ተላለፈ። በምን? ጓዳ የተከፈተው ከእሱ ለመሸሽ በሆነው፣ በዚያው በትልቁ ኩባንያ መረብ። ጋሽ ታደሰ በጎ ፈቃደኝነት ስለሚባለው ነገር ረጅም ንግግር አደረጉ። ኤፍሬም ካባውን ለብሶ፣ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈ ሰው መስሎ ቆመ።

ኬክ ሲቆረስ አጠገቤ መጣ።

«ያን ቀን ማንንም አልጠበቅኩም» አለኝ። «አንቺን ግን ጠብቄ ነበር። ስለ አንባቢዎቹ የምትጽፊ፣ ሰውን የምታይ ስለሆንሽ፣ ትነሣለች ብዬ። እጅሽ ለካባው ሲወጣ ሳይ፣ በቃ አልኩ፤ ወጥቼ ሄድኩ።»

«ለካባው አልነበረም!» አልኩት። «ጻፍኩልህ እኮ!»

«የት?»

«ጓዳ ላይ ነዋ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «የግል ሳጥኔ ‹ልባችን ተሰበረ› በሚል መልእክት ተጥለቅልቆ ነበር» አለ። «መክፈት አቁሜያለሁ።»

ያቺ የእኔ ደብዳቤ በሐዘንተኛ ተረግጣ ሞተች ማለት ነው። አሁንስ ይከፈታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ውስጡን አጽድቶ ለእህቱ ልጅ የቤት ሥራ እንዲሠራበት ሰጥቶታል። «ማታ ማታ ደግሞ እተኛለሁ» አለኝ፤ ይህን ሲል እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

ጓዳ ተዘጋ እንጂ ኮሚቴው አልተዘጋም። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ የተያዘው አጀንዳ «ለጸሐፊያችን ለእህት ማኅሌት ስለሚሰጥ ዕውቅና» የሚል ነበር። ማኅሌት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ሰው ፊት ቆምኩ። ድምፄም ወጣ።

«ካባችሁን አልፈልግም» አልኩ። «ሰውየው ሁለት ሰው ብቻ ነው የለመናችሁ። ሁለት! ለሊቀ መንበር፣ ለምክትል፣ ለኦዲተር ሰው ስታገኙ ለእሱ አጣችሁ። ጓዳን በሕይወት እያለ ገድላችሁት ቀብሩን አሳመራችሁለት። ዕውቅና የሚገባው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ የለም፤ እኔም ጭምር!»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ትሕትናዋን አያችሁልኝ?» አሉ።

ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ከዚያ ለካባው ድምፅ ተሰጠ። እኔ በዚህኛውስ አልሸወድም ብዬ ሁለቱንም እጆቼን የኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር። ጋሽ ታደሰ አዩኝና ፈገግ አሉ።

«ታፍራለች፤ ዝምታም ድጋፍ ነው» አሉ። «በሙሉ ድምፅ!»