የእማማ ፎቶ ምን ይበል?

እኛ ሰዎች መርዶ ስንናገር የምናሳየው ጥንቃቄ ለሌላው ነገር ሁሉ ቢኖረን ኖሮ የት በደረስን። አባቱ የሞተበትን ሰው ከሥራ ቦታው ስንጠራው «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» እንለዋለን። ታክሲ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለታለን። ማታ ደህና አድርጎ እንዲበላ እንለምነዋለን፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች አስከትለን እንገባለን። ሰውየው ገና ፊታችንን ሲያይ ያውቀዋል። ቢሆንም እስክንናገር ይጠብቀናል፤ እሱም ወጉን ያውቃላ! መርዶ በስልክ የተናገረ ሰው በሰፈራችን ስሙ ለዓመታት ይነሳል። በበጎ እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ በዚህ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ነው ወንድሜ ሳምሶን የሚናገር ሳጥን የሠራው።

ሳምሶን ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው። ሳጥኑን የሠራው ለአባታችን ነው። አባባ መርሳት ከጀመረ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳ፤ ማን የማይረሳ አለ ብለን አለፍነው። ቀጥሎ ቡታጋዝ ለኩሶ ረሳ። የልጅ ልጁን ስም ሲረሳ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሙም የበሽታውን ስም ነግሮን፣ የሄደው እንደማይመለስ ጨምሮ ነግሮን ሸኘን። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው አስፋልት ብዙም ሳንርቅ ነው። ተሳቢዎቹ እዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚበሩ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ጭንቀታችን አንድ ነበር፤ አባባ ብቻውን በር ከፍቶ እንዳይወጣ።

«ታዲያ ለምን አትቆልፉበትም?» ትሉ ይሆናል። ቆልፈንበት አይተናል። ቀኑን ሙሉ በሩን እየደበደበ ጎረቤት ሲጣራ ዋለ። የገዛ እጁ የሠራውን ቤት እስር ቤት ልናደርግበት አልቻልንም። ሥራ ትተን እንዳንቀመጥ ደግሞ ሳምሶን ፋብሪካ አለበት፣ እኔም ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ።

ሳጥኑ በጣት የሚነኩ ትልልቅ መጫኛዎች አሉት፤ በየመጫኛው ላይ ሥዕል ተለጥፏል። አባባ የሳህኑን ሥዕል ሲነካ ምሳው የት እንዳለ ይነግረዋል፤ የበሩን ሲነካ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይመራዋል። ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። አንዷማ «ለባሌም ሥራልኝ፤ የእሱ እንኳ መርሳት በሽታ አይደለም» አለችው። መጀመሪያ ሳምሶን ከስልኩ ያገኘውን የሴት ድምፅ ነበር የጫነበት። አባባ ድምፁን እንደሰማ ተነሳና በሩን ከፍቶ «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ለምን ውጭ ትቆሚያለሽ?» አለ። ወንበር አዘጋጅቶ እንግዳዋን ሲጠብቅ ዋለ። በማግስቱ ሳምሶን ድምፁን በራሱ ድምፅ ቀየረው።

ከሁሉ የከበደን ግን የእማማ ፎቶ ነው። እናታችን ካረፈች ዓመት አልፏታል። አባባ «እናትሽ የት ሄደች?» ሳይለኝ የሚውልበት ቀን የለም። ሳምሶን ፎቶዋን አንዱ መጫኛ ላይ ለጠፈና «ሲነካው ምን ይበል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ይበል? «ሞታለች» ይበል? ሳጥን መርዶ ነጋሪ ሊሆን ነው? ያውም በተነካ ቁጥር፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ! «ገበያ ሄዳለች» እንዳይል፣ አባባ ዘንቢል ሊቀበላት በር ላይ ይቆማል። «ቤተ ክርስቲያን ናት» እንዳይል፣ ቅዳሴ መቼ እንደሚያልቅ እሱን አልረሳም። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ከቤት ብትጠፋ ባሏ ቅር የማይለው የት ብትሄድ ነው? አሰብን፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻ አገኘነው። «እማማ ለቅሶ ቤት ናት። ማታ ትመጣለች።» ሳምሶን ለስለስ ባለ ድምፅ ቀዳው። በብልሃታችን ደስ አለን።

አንድ ነገር ግን ዘንግተን ነበር። አባባ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የዕድራችን ድንኳን ኃላፊ ነበር። ለቅሶ አለ ሲባል የጎረሰውን ሳይውጥ የሚነሳ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሚስቱ ለቅሶ ቤት ሆና እሱ ቤት ይቀመጣል?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላየው ስመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኮቱም ባርኔጣውም የሉም። መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አስፋልቱ ነው፤ ማየት የፈራሁትን ፍለጋ። ጥጋጥጉን ሁሉ አየሁ። አባባ የለም። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ጠራችኝ፤ «ጋሽ ታደሰን ነው? ለቅሶው የት ነው ቢሉኝ የከድርን ድንኳን አሳየኋቸው።» ከድር ከእኛ ሰፈር ወዲያ ያለ የስልጤ ሰው ነው፣ ባለሱቅ። አባቱ የተቀበሩት ባለፈው ቀን ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አባባ ከከድር አጠገብ ተቀምጧል። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል። ከሟች ልጆች አንዳቸውም እንደዚያ አላለቀሱም። የአባታቸው የጥንት ወዳጅ ስለመሰላቸው የክብር ቦታ ሰጥተውታል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደማስረዳ ስጨነቅ፣ ከድር ወደ አባባ ጎንበስ አለ።

«አባት፣ አባቴን ከየት ነው የሚያውቋቸው?»

«አላውቃቸውም» አለ አባባ፣ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ። «ባለቤቴ ሞታብኝ ነው። ቤቴ ድንኳን ስላልተተከለ ነው እዚህ የመጣሁት።»

ተተክሎ ነበር። እሱ አልነበረም እንጂ። እማማ የሞተች ዕለት «አይገባውም፣ ይረበሻል» ተባብለን ሳሪስ አቦ አክስታችን ቤት ወሰድነው። ድንኳኑ እስኪነሳም እዚያው አቆየነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ድንኳን የተከለው አባቴ በሚስቱ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጠም። ማንም አልነገረውም። እሱ ግን፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ያውቅ ኖሯል።

ከድር የአባባን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። እዚሁ ያልቅሱላት፣ ድንኳኑ የእርስዎም ነው።»

የከድር ወንድሞች ተነስተው ተራ በተራ አባባን አጽናኑት። ቀጥሎ የመጣው ለቀስተኛም ነገሩን ሳይጠይቅ መጀመሪያ ከድርን፣ ከዚያ አባባን እያጽናና አለፈ። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ የገባሁት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ለእናቴ ያኔ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሳምሶን ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። አሁን አባባ የእማማን ፎቶ ሲነካ ሳጥኑ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ያለውን ጨርቅ እንዳለ ትቼ እመጣለሁ። ሰው ለመጥራት ያ ሁሉ ሽቦ ያስፈልግ ነበር ወይ ብትሉኝ ሳምሶንን ጠይቁት።

አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ይዤ እነግረዋለሁ። ያለቅሳል። አብሬው አለቅሳለሁ፤ ሁልጊዜ አዲስ የሚሆነው ለእሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ይረጋጋና ሻይ ያምረዋል። አፍልቼ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለራሴ እቀዳለሁ።

«ለእናትሽም ቅጂላት» ይለኛል።

እቀዳለሁ።