የጨርቅ ነጋዴው ላቀው ስለ ጤናው የሮጠበት ማለዳ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ኅዳር፣ የደባርቅ ብርድ በጸናበት ሰሞን፣ ሥዩመ ፍራሽ፣ ባለ ሰፊ በርጩማ፣ የጨርቅ ነጋዴው ላቀው ዘብሔረ ዳባት ከገዛ ልማዱ ጋር ጦርነት ከፈተ። ምክንያቱም ነርሷ ሲስተር ፈይዛ ከጣቱ ደም ወስዳ ስኳሩን ከለካች በኋላ፣ በየማለዳው ካልተንቀሳቀሱ ከፋሲካ በፊት መርፌ ይጀምራሉ ስትል አወጀችበት። ላቀውም ጦር መጥቶበት ስለማያውቅ ጦርን አይፈራም፤ መርፌን ግን እጅግ ይፈራ ነበር።

ወእምዝ በገበያ ቀን በሱቁ ደጃፍ ቆሞ አዋጅ ነገረ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ ላቀው ከነገ ጀምሮ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቼ የቡይት ራስን መንገድ እሮጣለሁ።» ሕዝቡ ግን ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ ሲል፣ ጮማም ተውሁ ሲል ከዚህ በፊት ሰምቶት ነበርና ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ወደየቤቱ ሄደ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግስቱም ሚካኤል ሆነ፤ ሚካኤል ሲያልፍ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚያም ገብርኤል፣ ከዚያም ጽዮን ተከተሉ፤ ላቀውም በበዓል መሮጥ ነውር ነው ብሎ ተኛ። በሚካኤል ሱቁን ዘግቶ እንደማያውቅ ግን ጸሐፊው ያውቃል። አዋጁም ፈጽሞ ከተረሳ በኋላ፣ ባለቤቱ ወይዘሮ አረጋሽ ብርድ ልብሱን ከላዩ ማርካ በወሰደችበት ማለዳ ተነሣ። ሞዐ ብርድ ልብስ የተባለው ስለዚህ ነው፤ ድሉ የማን እንደሆነ አንከራከርም።

ጋቢውን ጥሎ ጎዳናውን በሩጫ በያዘ ጊዜ፣ በዚያ አገር ጎረቤት በማለዳ ሲሮጥ ቆሞ ማየት ነውር ነውና፣ ያየው ሁሉ ሰው ሞቷል ብሎ ተከተለው። ከኪዳን የወጡት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ ነጋዴው ሸሀቡ የሱቁን ቁልፍ በበሩ ላይ ትቶ፣ የፓርኩ ስካውት ቃለ አብ ከነጠመንጃው፣ በቅሎ ጫኙ ሰጠኝ ከነበቅሎው፣ ሴቶችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰለፉ። ላቀው የእግር ኮቴ ከኋላው በሰማ ጊዜ አዋጁን አምነው የተከተሉት ደቀ መዛሙርት መስለውት ልቡ በኩራት ተሞላ፣ ጨምሮም ሮጠ፤ እነርሱም መጨመሩን አይተው የሞተው የቅርብ ዘመዱ ነው ብለው ዋይታውን ለቀቁት። እርሱም ዋይታውን እልልታ ነው ብሎ ሰማ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወደቀ። ሴቶቹ ከበው አለቀሱለት፣ እርሱም ትንፋሹን በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበ አወጀ፦ «ማንም አልሞተም። ለጤናዬ ነው።»

ደረቷን የደቃች አንዲት ሴት በቁጣ ነጠላዋን አስተካከለች። መሪጌታም ተቆጥተው መቋሚያቸውን ተክለው አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሳይሞት፣ ቤት ሳይቃጠል፣ ከብት ሳይነዳ የሚሮጥ ሰው ቢገኝ፣ በእድሩ ዳኛ ፊት ይቆማል!» ሕዝቡም ይሁን ይሁን አለ።

ላቀውም ይህን ሰምቶ አለቀሰ። ሰው በሐዘን መሰለው፤ እርሱ ግን ሳይደግስ አይጣላም እያለ በልቡ ያመሰግን ነበር፣ ስንፍናው በአንድ ማለዳ ሕግ ማክበር ሆኖለታልና። መርፌውንም ለጊዜው ረሳው።

ወይዘሮ አረጋሽ ግን መርፌውን አልረሳችም፤ መበለት መሆንን ከእርሱ ይልቅ እርሷ ትፈራለችና። ከሕዝቡ መካከል ወጥታ አወጀች፦ «ሩጫ ተከለከለ እንጂ መሸከም አልተከለከለም። ባለቤቴ ከነገ ጀምሮ በየማለዳው ከታችኛው ቦኖ ሁለት ጀሪካን ውኃ ካላመጣ፣ በቤቴ ቁርስ የለም። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ይህም አዋጅ በዓል አላወቀም፣ ብርድም አልሻረውም። ፋሲካ ሳይደርስ ሲስተር ፈይዛ ደሙን ዳግመኛ ለካችና መርፌው እንዲቀር ፈረደች።

እነሆ ላቀው፣ ድል አድራጊው፣ ስኳርን ያዋረደ፣ ቦርጩን ያሳደደ፣ ዝናው ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ የተሰማ! ይህን ሁሉ በገዛ ፈቃዱ ብቻ እንዳደረገው እስከ ዛሬ በሱቁ ለገዢው ሁሉ ይተርካል፤ ወይዘሮ አረጋሽም አንድም ቀን አስተባብላው አታውቅም፣ ጀሪካኑን ብቻ ሦስት አድርጋዋለች።