የአስናቀ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ

[አርባ ምንጭ፣ 2009 ዓ.ም.፣ የአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህሩ አስናቀ ከረባቱን እየፈታ መልሶ ያስራል። የስፖርት መምህሩና የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ዘካሪያስ ድምፅ ማጉያ ታቅፎ ቆሟል።]

አስናቀ፦ ለምንድነው የማይገባህ? ቃና ነው ያልኩህ፣ ቃና!

ዘካሪያስ፦ ገብቶኛል ጋሼ። ግን ዲሽ የለንም። ቢኖረንስ የቱርኩ ድራማ የሚጀምረው ማታ ነው።

አስናቀ፦ የቱርክ ድራማ ማን አነሣ! ቃና ማለት ደራሲው ለሚጽፈው ነገር ያለው አመለካከት ነው። ሲያዝን የሐዘን ቃና፣ ሲያሾፍ የሹፈት ቃና።

ዘካሪያስ፦ እህ... እርስዎ እኔን ሲያናግሩኝ እንዳለው ዓይነት?

አስናቀ፦ አንተን ሳናግር ምን ዓይነት ቃና አለኝ?

ዘካሪያስ፦ እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።

[አስናቀ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀኑ የእሱ ቀን ነበር። ሥነ ጽሑፍን በሙዚቃ ሲያስተምር ለማየት ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ሻሺቱ ሰዎቻቸውን አስከትለው መጥተዋል። ትምህርቱ ከተወደደ መምህሩ ሐዋሳ ሄዶ ሠልጥኖ ይመጣና የአካባቢውን መምህራን ሁሉ ያሠለጥናል። አስናቀ ለሚስቱ ለጽጌረዳ «ሐዋሳ ልሄድ ነው» ብሎ ነግሯታል፤ ጽጌረዳ ደግሞ ለሰፈሩ ነግራለች። ይህ ሁሉ ነገር አሁን ድምፅ ማጉያ በታቀፈ የስፖርት መምህር እጅ ላይ ወድቋል።]

አስናቀ፦ ቀጥሎ ድባብ አለ።

ዘካሪያስ፦ እሱን ከቤተ ክርስቲያን ካልተዋስን ሌላ ቦታ አናገኝም። ለዘፈን ነው ካልናቸው ደግሞ አይሰጡንም።

አስናቀ፦ የታቦቱን ጃንጥላ አላልኩህም! ድባብ ማለት አንባቢው ላይ የሚያጠላው ስሜት ነው።

ዘካሪያስ፦ የሚያጠላ ከሆነማ ጃንጥላ ነው እኮ ጋሼ።

አስናቀ፦ [ጥርሱን ነክሶ] ሦስተኛው የቃላት ምርጫ ነው።

ዘካሪያስ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጋሼ፣ ምርጫ ውስጥ ባንገባ አይሻልም?

አስናቀ፦ የቃላት! ቃላት ይቀርባሉ፣ ይወዳደራሉ፣ የተሻለው ያልፋል።

ዘካሪያስ፦ ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ሳይታወቅ?

አስናቀ፦ ሳይታወቅ።

ዘካሪያስ፦ እንዲህ ዓይነት ምርጫ አይቼ አላውቅም።

[አስናቀ ደንግጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አጥሩ ላይ ከተቀመጠው ዝንጀሮ በቀር የሰማ ያለ አይመስልም።]

አስናቀ፦ ተወው! ከስልክህ የመረጥኩትን የጋሞኛ ዘፈን ክፈትልኝ።

[ዘካሪያስ ከፈተ። ሴቶች ብቻቸውን፣ ያለ ከበሮ፣ ድምፃቸውን እየጎተቱ ያንጎራጉራሉ።]

አስናቀ፦ ሰማህ? እንዴት አንጀት እንደሚበላ ሰማህ? ይህች እናት ናት። አንድ ልጇን ለሽመና ብለው አዲስ አበባ ወሰዱባት፤ በዚያው ቀረ።

ዘካሪያስ፦ ልጅ? ልጁ የቱ ጋ ነው?

አስናቀ፦ ዜማው ውስጥ ነዋ!

ዘካሪያስ፦ ጋሞኛ ለመዱ እንዴ ጋሼ?

አስናቀ፦ እዚህ አገር ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ አንድም ቀን አላስፈለገኝም። ሙዚቃ አስተርጓሚ አይሻም።

ዘካሪያስ፦ ይሄን እኮ የቀዳሁት እኛ መንደር፣ ኦቾሎ ነው፤ እህቴ ስትዳር...

አስናቀ፦ የት ቀዳህ ብዬ ጠየቅኩህ እንዴ?

ዘካሪያስ፦ ግጥሙ ግን...

አስናቀ፦ ለእኔ ግጥም ልታስተምር ነው? ኳስህን ንፋ! ስልህ ትከፍታለህ፣ ስልህ ትዘጋለህ። አለቀ።

ዘካሪያስ፦ እሺ ጋሼ።

[ደወል ተደወለ። ገቡ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ግን አስናቀ ውልቅ ብሎ ወጣ፤ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ማንጎ ዛፍ ሥር ሄዶ ተሸጎጠ። እዚያ ሆኖ እንኳ የተማሪው ሳቅ ይሰማዋል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ዘካሪያስ አገኘው።]

ዘካሪያስ፦ ጋሼ! እዚህ ነዎት እንዴ?

አስናቀ፦ ቀስ በል፣ ይሰሙናል! ምን ሆነው ነው የሚስቁት? እኔ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እንባችሁ ይውረድ» ነው ያልኳቸው።

ዘካሪያስ፦ እንባውማ ወርዷል።

አስናቀ፦ በሳቅ ነዋ!

ዘካሪያስ፦ የሠርግ ዘፈን ነው ጋሼ። ሴቶቹ በሚዜው ላይ እየቀለዱበት ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ብቻውን ስለጨረሰው ለበሬው አለቀሱለት። «ወዮ ቀንዳሙ፣ ወዮ ሻኛው፣ ሳንጠግብህ ሄድክብን፣ መቃብርህም የሚዜው ሆድ ሆነ» ነው የሚሉት።

አስናቀ፦ [ራሱን ይዞ] በሬ?

ዘካሪያስ፦ በሬ።

አስናቀ፦ እኔ እኮ... «ይህ ልጅ የአገር ተስፋ ነበር» ብያለሁ!

ዘካሪያስ፦ «ዛሬ የት ወድቆ ይሆን?» ሲሉማ ከኋላ አንዱ «ሆድ ውስጥ!» ብሎ መለሰ።

አስናቀ፦ ወይዘሮ ሻሺቱ ግን አልቅሰዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ!

ዘካሪያስ፦ የኦቾሎ ልጅ ናቸው እኮ። ዘፈኑን ያውቁታል።

አስናቀ፦ ሄጄ እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት እናቴ፣ ሁላችንም የወለድን ነን» አልኳቸው።

ዘካሪያስ፦ ያኔ ነው ከወንበሩ የወደቁት።

[አስናቀ መሬት ብትከፈት ደስ ባለው። ዘካሪያስ አጠገቡ ቁጢጥ አለና መሬቱን በእንጨት መጫር ጀመረ።]

ዘካሪያስ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ? ወይዘሮ ሻሺቱ ከወደቁበት ተነሥተው «ይህን ያሰበው ማን ነው?» ሲሉ እርስዎ ለምን የእኔን ስም ጠሩ?

[ለምን እንደጠራው አስናቀ ራሱ አሳምሮ ያውቃል። ያን ሰዓት ሐሳቡ አንድ ብቻ ነበር፤ መዓቱ ሌላ ሰው ላይ ይውረድ።]

አስናቀ፦ እ... ክብሩን ላካፍልህ ብዬ ነው።

ዘካሪያስ፦ «ከሐሳቡ እስከ ዘፈኑ የዘካሪያስ ነው፤ እኔ እንዲያውም ተቃውሜ ነበር» ብለው ነው ያካፈሉኝ?

አስናቀ፦ አንተ ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ። የስፖርት መምህር ደግሞ ምን ይቀርበታል? ከቀጡህ እኔ ሽማግሌ እልክልሃለሁ።

ዘካሪያስ፦ አልቀጡኝም።

አስናቀ፦ እና ምን አሉህ?

ዘካሪያስ፦ «ዜማው ልቅሶ፣ ቃላቱ ሹፈት! ሁለቱን አጋጭቶ ተማሪ እንዲለያቸው ያደረገ መምህር እስከ ዛሬ አላየንም» አሉ። ተማሪዎቹን ጠየቋቸው፤ ሁሉም መለሱ። «ምንም ያልገባው መምህር ሆኖ የተወነው ሰውዬማ ልዩ ነው» ብለዋል።

[አስናቀ ብድግ አለ። ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ቅጠል አራገፈ፤ ከረባቱን ከኪሱ አወጣ።]

አስናቀ፦ አላልኩህም! በል ተነሥ፣ ሐሳቡ የእኔ መሆኑን እንንገራቸው።

ዘካሪያስ፦ እኔም «የጋሼ አስናቀ ሐሳብ ነው» ብዬ ነግሬያቸው ነበር።

አስናቀ፦ እሺ?

ዘካሪያስ፦ «አያችሁ ትሕትናውን!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

አስናቀ፦ ሐዋሳስ?

ዘካሪያስ፦ እሑድ እሄዳለሁ።

አስናቀ፦ [ተመልሶ ቁጭ እያለ] የስፖርት መምህር! ሥነ ጽሑፍ ሊያሠለጥን! እኔ ለጽጌረዳ ምን እላታለሁ? ለሰፈሩስ?

ዘካሪያስ፦ እኔም ፈርቼ «ሥነ ጽሑፍ አላውቅም፣ ጋሼ አስናቀ አብረውኝ ይሁኑ» ብዬ ለመንኳቸው።

አስናቀ፦ [ፊቱ በርቶ] አንተ ልጅ! እሺ አሉህ?

ዘካሪያስ፦ ወይዘሮ ሻሺቱ እምቢ አሉ።

አስናቀ፦ ምን ብለው?

ዘካሪያስ፦ «ሰውዬው ሐሳቡን ተቃውሜ ነበር ብሎ በገዛ አፉ ነግሮናል። ሌላውን ከማሠልጠንህ በፊት እሱን አሠልጥነህ አሳምነው» አሉኝ። ስለዚህ ስመለስ የምጀምረው ከእርስዎ ነው።

[አስናቀ ከረባቱን እንደ ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመው።]

አስናቀ፦ እና ባላምንስ?

ዘካሪያስ፦ ካላመኑማ ይደግማሉ ጋሼ።